ጥሬው ፎቶግራፍና አጣቢው፤ ስለ ፎቶግራፍ ማጠቢያ ፕሮግራም አመራረጥ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፍ ማጠብ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ነገር አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱም በፊልሙ ዘመን ወደ ፎቶ ቤት ሄዶ ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ይባል ስለ ነበረ፣ በመነሣትና ሥዕሉን በመቀበል መካከል አንድ የጨለማ ክፍል እንዳለ ይገባው ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ስልኩን አንሥቶ የሚነካ ወጣት ሥዕሉ ወዲያው ስለሚመጣለት አጣቢ ያለ አይመስለውም። አጣቢው ግን አለ። በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ አሳብ አጥቦ ይሰጣል፤ ያጠበበትንም ጥሬ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጥለዋል።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የሚያስፈልጉትን ፎቶግራፎች የማንሣቱ ሥራ ለተማሪዎች በመሰጠቱ፣ «ጥሬውን ፎቶግራፍ በየትኛው ፕሮግራም እንጠበው?» የሚል ክርክር በመካከላችን ተነሥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ክርክሩ በመጀመሪያ የዕውቀት ሳይሆን የስም ክርክር ነበር፤ አንዱ የሰማውን ስም ሲጠራ ሌላው ደግሞ የሚበልጥ ስም ይጠራ ነበር። እኔም ነገሩን ከሥሩ መርምሬ ለአንባቢያን ባቀርበው ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ጥሬ ፎቶግራፍ የተባለው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ በፊልሙ ቦታ የተተካው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር ይባላል። ሴንሰሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ሲኖሩት፣ በአብዛኞቹ ካሜራዎች እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ይቀበላል፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቦቹ ቀይ፣ ሩቦቹም ሰማያዊ ናቸው። ይህን አሠራር ያወጣው ብራይስ ባየር የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ባለሙያ ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እንግዲህ አንድ ነጥብ ከሦስቱ ቀለማት አንዱን ብቻ ካወቀ ሁለቱን ማን ይሞላቸዋል? የሚሞላቸው አጣቢው ፕሮግራም ነው፤ የሚሞላቸውም ጎረቤት ነጥቦችን እያየ በመገመት ነው። ከምናየው ዲጂታል ሥዕል ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ግምት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ፕሮግራም እንደ ሌላው ስለማይገምት፣ ከአንድ ጥሬ የተለያየ ሥዕል ይወጣል።

ሁለተኛው ልዩነት የብርሃኑ መጠን ነው። ብዙዎች ካሜራዎች ጥሬውን በ14 ቢት ሲመዘግቡ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 16,384 ደረጃዎች ይኖሩታል። በስልክ የምንላላከው ጄፔግ የተባለው የታጠበ ሥዕል ግን 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። የተረፈው ሁሉ ሲታጠብ ይፈስሳል። በአማርኛችን «ጥሬ» የሚለው ቃል ለዚህ ነገር እንደ ተዘጋጀ ያህል የተስማማ ነው፤ ከጥሬ ስንዴ ቆሎም፣ ንፍሮም፣ ዳቦም ማድረግ ይቻላል፤ ከዳቦ ግን ወደ ጥሬ መመለስ የለም።

ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብንመለከተው ይህ የማጠብ ነገር አዲስ አይደለም። ወደ አገራችን ካሜራ ይዘው ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት የመጣው ሚስዮናዊው ሔንሪ ስተርን ነው። ከእርሱም በኋላ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጡ። መቅደላ ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ የወሎ ምድር ናት። እነዚያ ሰዎች ያነሡት በመስተዋት ላይ ነበር። መስተዋቱን ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ቀብተው፣ በብር ጨው ነክረው፣ ርጥብ እንዳለ አንሥተው፣ ሳይደርቅ በድንኳናቸው ጨለማ ውስጥ ማጠብ ነበረባቸው። ለሥራው ሁሉ የነበራቸው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሳያጥብ የዘገየ ሰው ሥዕሉን ያጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ያለፉበት፣ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ወደ ባሕር ማዶ የተወሰደበት የዚያ ዘመቻ ምስክሮች ሆነው የቀሩት እነዚያ በችኮላ የታጠቡ መስተዋቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የለወጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ ያወጣው የኮዳክ ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ጥቅል ፊልም በውስጡ ነበረው፤ ገዢው ፊልሙን ከጨረሰ በኋላ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፣ ፋብሪካውም አጥቦና አትሞ ይመልስለታል። ይህ ታላቅ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነሣው ሰው የማጠቡን ፈቃድ ለማያውቀው ሰው ሰጠ። ዛሬ ካሜራው ራሱ አጥቦ የሚሰጠን ጄፔግ ከኢስትማን ፋብሪካ ጋር አንድ ነው። ፋብሪካው ትንሽ ሆኖ ካሜራው ውስጥ ገባ፣ ሌላ ልዩነት የለውም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሥራውን ወርሰዋል። በእነርሱና ከእነርሱ በኋላ በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ሥራ ውስጥ አንድ ልናስተውለው የሚገባ ልማድ ነበር። ለደንበኛው የሚሰጠው ወረቀቱ ሲሆን ኔጋቲቩ ግን በፎቶ ቤቱ ሣጥን ይቀር ነበር። ኔጋቲቩ ካለ ወረቀቱ ቢቀደድ እንደገና ይታጠባል። ኔጋቲቩ ከጠፋ ግን ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን የውጫሌን ታሪክ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የኢስትማን ካሜራ በወጣ በዓመቱ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በይስማ ንጉሥ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ሆኖ ተነበበ፤ ኢጣልያም በዚያ ንባብ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ የነገሩም ፍርድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተሰጠ።

ይህን ያመጣሁት ንጽጽሩ ሙሉ ነው ብዬ አይደለም። በውሉ ጊዜ ሁለቱም ጽሑፎች የተፈረመባቸው ነበሩ እንጂ ከሁለቱ በላይ የሆነ ሦስተኛ ጥሬ ጽሑፍ አልነበረም። ነገር ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ምኒልክ «የእኛ ቃል እንዲህ አይልም» ለማለት የቻሉት ማኅተም ያረፈበት የአማርኛው ጽሑፍ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። የጣልያንኛው ብቻ ቢቀር ኖሮ ክርክሩ በምን ይቆም ነበር? እኔ በውጫሌ ያደግሁ ስለ ሆነ ይሆናል፣ ማንኛውንም የተተረጎመ ነገር ሳይ ዋናው የት አለ ብሎ የመጠየቅ ጠባይ አለብኝ።

አጣቢ ተርጓሚ ከሆነ የሚተረጉመው ለማን ዐይን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የቀለም ፎቶግራፍ በተስፋፋበት ዘመን ኮዳክ ለአጣቢ ቤቶች የቀለም መለኪያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። አጣቢው የእርሷ ፊት መልካም ሆኖ ከወጣ ሥራው መልካም ነው ይል ነበር። ጠይም ወይም ጥቁር የሆነ ሰው ከነጭ ሰው አጠገብ ቆሞ ቢነሣ ግን ፊቱ ጠቁሮ ዐይኑና ጥርሱ ብቻ ይታይ ነበር። እጅግ የሚያስገርመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቡናማ ቀለም በደንብ አይለይም ብለው አቤቱታ ካቀረቡት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች መኖራቸው ነው። የሰው ፊት ያላስነሣውን ጉዳይ ቸኮሌት አስነሣው። ካርዱ የልዩ ልዩ ሕዝብ ፊት ያለበት ሆኖ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር የበለጠ ይከብዳል። የወሎ እናት በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጭ ነጠላ ተከናንባ ስትነሣ፣ ሽማግሌውም ሼህ ነጭ ጥምጥም አድርገው ሲነሡ፣ በአንድ ሥዕል ውስጥ እጅግ ብሩህና እጅግ ጥላማ የሆነ ነገር ጎን ለጎን ይገኛል። ካሜራው በራሱ አሳብ ሲያጥበው ነጠላውን ለማዳን ፊቱን ያጠቁራል፤ ወይም ፊቱን አበራለሁ ብሎ ጥለቱን ያቃጥለዋል። ጥሬው ካለ ሁለቱንም ለየብቻቸው ማስተካከል ይቻላል፤ የፊቱም መጨማደድ፣ የጥለቱም ክር አይጠፋም። መቼም በሥዕል ላይ ልብሱ አምሮ ባለቤቱ ካልታወቀ ሥራው ምን ይረባል?

እንግዲህ ስለ ፕሮግራሞቹ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቭ ኮፊን የተባለ አሜሪካዊ ዲሲሮው የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የካሜራ ኩባንያ የየራሱን የጥሬ ፋይል ዓይነት እየፈጠረ ውስጡን ይደብቅ ነበር፤ አሁንም በብዛት እንደዚሁ ነው። ኮፊን የየካሜራውን ፋይል ምሥጢር በትዕግሥት እየፈታ፣ ሥራውንም ለሁሉ በነፃ ሰጠ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ፕሮግራሞች በእርሱ ድካም ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮን በአንዳንድ ካሜራዎቹ ጥሬ ፋይል ውስጥ የነጭ ቀለም ሚዛን የሚያመለክተውን ቁጥር በምሥጢር ቆልፎ በማውጣቱ ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄውም ቀላል ነበር፤ ያነሣሁት ሥዕል የእኔ ነው ወይስ ካሜራውን የሠራው?

አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲ ኤን ጂ የተባለውን ለሁሉ ግልጽ የሆነ የጥሬ ፋይል ዓይነት አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ላይትሩምን አወጣ። ላይትሩም በባለሙያዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ ለመማርም ቀላል ነው፣ አስተማሪም አይጠፋለትም። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያዝ ነበር፤ አንድ ጊዜ የሚገዛው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 6ኛው ነው። ዛሬ የሚገኘው በኪራይ ነው። ኪራዩ ሲቋረጥ ያሉትን ሥዕሎች ማየት ይቻላል፣ ማጠቢያው ክፍል ግን ይዘጋል። የአፕል ኩባንያ አፐርቸርም እ.ኤ.አ. በ2005 በታላቅ ዝና ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከገበያ ተነሣ። ሥራቸውን ሁሉ በእርሱ ውስጥ ያደራጁ ሰዎች ጥሬው ቢቀርላቸውም ያጠቡበት መመሪያ ወደ ሌላ ፕሮግራም እንዳለ የሚሻገር አልሆነም። ካፕቸር ዋን የተባለው ደግሞ በቀለም አወጣጡ ይመሰገናል፤ ዋጋው ግን የተማሪ አይደለም።

ከነፃዎቹ ወገን ካነንና ኒኮን ለገዢዎቻቸው ያለ ክፍያ የሚሰጧቸው ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ የኩባንያውን የራሱን ቀለም ያወጣሉ፤ ሆኖም የሌላ ኩባንያ ካሜራ ጥሬ አያጥቡም። ለሁሉ ክፍት ከሆኑት ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ዳርክቴብል እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ሲሆን ብዙ መሣሪያ ያለው ጥልቅ ፕሮግራም ነው፤ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ሲያገኝ ይፈጥናል። ሮው ቴራፒ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ በ2010 ምንጩ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ የግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም። ሁለቱም ጥሬውን ፋይል አይነኩትም። የታጠበበትን መመሪያ በአጠገቡ በሌላ ትንሽ ፋይል ይጽፉታል፤ ያም ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ እንደ ማስታወሻ ደብተር ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል።

በእኛ ዘንድ ክርክሩ የጠነከረው በአንድ ነገር ላይ ነበር። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ክራክ የተደረገውን የታወቀ ፕሮግራም በፍላሽ እናምጣና እንጨርስ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው» አሉ። እውነትም በየፎቶ ቤቱ ይህ የተለመደ ነው፤ በውጭ አገር ገንዘብ በየወሩ መክፈልም ከእኛ ከተማ ሆኖ ቀላል ነገር አይደለም። መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «በዐሥር ዓመት ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ይህን ሥዕል ሊከፍት ቢፈልግ ማንን ለምኖ ይከፍታል?» አሉ። በተሰበረ ቁልፍ የተከፈተ ቤት ነገ ይዘጋ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከቫይረሱም ሥጋት በቀር ሌብነቱም በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ የሚያኮራ አይደለም። እኔ በበኩሌ በዚህ ተረታሁ።

ከዚያም ፈተና አደረግን። አንዲት እናት ከቤታቸው ደጃፍ ላይ በነጠላ ሆነው የተነሡበትን አንድ ጥሬ ሥዕል በአራት ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ምንም ሳንነካ ከፈትነው። አራት ሴቶች የወጡ ይመስል ነበር። በአንደኛው ፊታቸው ወደ ብጫ አደላ፤ በሁለተኛው ቀላ፤ በሦስተኛው ነጠላው ወደ ሰማያዊ ሄደ፤ አራተኛው ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም ጨለም ያለ ነበር። ልጃቸውን ጠርተን «እናትህ የትኛዋ ናት?» ብንለው ቆይቶ ተመለከተና «አንዷም አይደለችም» አለን። በኋላ ግራጫ ካርድ ይዘን ተመልሰን፣ ካርዱን ከፊታቸው አጠገብ አድርገን ደግመን አነሣን፤ ፕሮግራሙንም በካርዱ ግራጫነት ነጩን እንዲያስተካክል ባደረግነው ጊዜ የአራቱ ልዩነት እጅግ ጠበበ። ከዚህ የተማርነው ስለ ፕሮግራም ከመከራከራችን በፊት ሃያ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ አንዲት ካርድ ብዙውን ጠብ ልታበርድ እንደምትችል ነው። ለትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር የሚስማማው ሮው ቴራፒ ሆኖ ስላገኘነው እርሱን መረጥን። የተሻለ ኮምፒውተር ያለው ሰው ዳርክቴብልን ቢመርጥ አልቃወመውም። ለጉርድ ፎቶግራፍና በቴሌግራም ለሚላክ ሰላምታ ደግሞ ጄፔግ ይበቃል፤ ለዚያ ጥሬ ማከማቸት ቦታ መፍጀት ነው።

ስለ ማከማቸት ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈ የታወቀ ወንጌል አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል አንሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ስለዚህ ፊደሉ ቢነበብም የሥዕሎቹ ቀለም በፊልሙ ውስጥ የለም። ከጊዜ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም ቢመጣ ያልተመዘገበውን ቀለም ሊያወጣው አይችልም። ይሁን እንጂ የዚያ ሥራ ባለሙያዎች አንድ ታላቅ ነገር አድርገዋል፤ የፊልሞቹን ቅጂ አንዱን በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኖሩ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውንና መዝገቦቻቸውን አጥተዋል። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የነበረ ነገር ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደ። ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ያነሣናቸው 600 ያህል ጥሬ ፎቶግራፎች፣ እያንዳንዳቸው 25 ሜጋባይት ገደማ ሲሆኑ በጠቅላላው 15 ጊጋባይት ያህል፣ በሦስት ቅጂ ተደርገዋል። አንደኛው ዲስክ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን፣ ሁለተኛው በአንድ የወላጆች ኮሚቴ አባል ቤት፣ ሦስተኛው ደሴ ከሚገኝ የቀድሞ ተማሪ ዘንድ ይገኛል። በእያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ጥሬው፣ የማጠቢያው መመሪያ፣ የታጠበው ጄፔግና የፕሮግራሙ መጫኛ አብረው ገብተዋል፤ የተነሡት ሰዎች ስም፣ ቀኑና ቦታው ደግሞ በአማርኛ በወረቀት ተጽፎ ከየዲስኩ ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጓል።